የታነቀው የቱ ነው?

የእህቴ ልጅ፣ ባለፈው ቅዳሜ ቬርኒየ ቤታችሁ መጥቼ ከእናትህ ጋር ቡና ስጠጣ፣ ከክፍልህ «አሁንም ስታክ አደረገ!» ብለህ ስትጮህ ሰማሁህ። ገብቼ ሳይ ጌሙ አንተ ፊት እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ በላይቭ የሚከታተሉህ ተመልካቾች የሚያዩት ግን እንደ አሮጌ አውቶቡስ ይንገጫገጫል። አንተም አንዱን ሴቲንግ ስትጨምር፣ ሌላውን ስትቀንስ አንድ ሰዓት ፈጀህ። እኔ አዲስ አበባ የሠርግ ቪዲዮ በካሴት ስቀርጽ የጀመርኩ ሰው ነኝ። ዕቃው ተለዋወጠ እንጂ ጣጣው ያው ነው። ስለዚህ የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

1. ሳታይ አትንካ። ሆዱን ላመመው እግሩን አያሹትም። የምትቀርጽበትና የምታስተላልፍበት ኦቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ስታትስ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ አንድም ቀን ከፍተህ እንዳላየሃት አውቃለሁ። ቪዲዮህ ሦስት እጅ ያልፋል፦ መጀመሪያ ይሳላል፣ ቀጥሎ ይታሸጋል፣ በመጨረሻ ይላካል። ሰሌዳዋ ላይ ሬንደሪንግ ከሚለው ጎን ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ የደከመው ሰዓሊው፣ ማለትም ግራፊክስ ካርዱ ነው። ኢንኮዲንግ ከሚለው ጎን ከሆነ አሻጊው ነው። ኔትወርክ ከሚለው ጎን ከሆነ ደግሞ መንገዱ ነው። ሦስቱም ዜሮ ሆነው የቀረጽከው ፋይል ከተቆራረጠብህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈተው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀረጻው ሳይሆን የማጫወቻው ነው።

2. ግራፊክስ ካርዱን እስከ ጥግ አትጋልበው። ያን የእርሻ ጌም፣ ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ያሉት ጃያንትስ የሚባሉት የሚሠሩትን ፋርሚንግ ሲሙሌተር፣ ስትጫወት አይቻለሁ። (አያትህ ሙሉ ዕድሜውን በበሬ ያረሰ ሰው ነው፤ አንተ ስዊዘርላንድ ተቀምጠህ በትርፍ ሰዓትህ ታርሳለህ። ይሁን።) የፍሬሙን ብዛት ልቅ ስለተውከው ጌሙ ያገኘውን ጉልበት ሁሉ ይበላል። ኦቢኤስም የራሱን ስዕል የሚያሰናዳው በዚያው ካርድ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለመላክ ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለህ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። መሶቡን አንዱ ከጨረሰው ዘግይቶ የቀረበው ጦሙን ያድራል። ለዚህ ነው ጌሙ ለአንተ ለስላሳ ሆኖ ለሰው የሚቆራረጠው። የጌሙን ፍሬም 60 ላይ ገድብ፣ የጥላውን ጥራት አንድ ደረጃ አውርድ፣ ኦቢኤስንም በአድሚኒስትሬተር ክፈተው፤ ያን ጊዜ ዊንዶውስ ካርዱ ላይ ቅድሚያ ይሰጠዋል። የአንተ ችግር ዘጠና እጁ እዚህ ላይ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

3. 4ኬ ስትል የምትጠይቀውን ዕወቅ። 1080ፒ አንድ ፍሬም 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው፤ 4ኬ ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ አራት እጥፍ ነው። 1080ፒ በ60 ፍሬም ሳይታሸግ በሰከንድ 1500 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል፤ የላይቭ መድረኩ ትዊች ለዚህ የሚመክረው ደግሞ 6 ሜጋቢት ነው። አሻጊው 250 ጊዜ ያህል እየጠቀለለ፣ ያውም ሳይዘገይ ማድረስ አለበት ማለት ነው። ይህን ሸክም ጌሙን ለሚያስኬደው ፕሮሰሰር አትጫንበት። ካርዱ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ፤ ኤንቪዲያ ኤንቬንክ ይለዋል፣ ኢንቴልና ኤኤምዲም የየራሳቸው አላቸው። ላይቩን ከ1080ፒ አታሳልፍ፤ 4ኬ ካማረህ ለብቻው ቅረጸው፣ ኮምፒውተርህ ሁለቱን አንድ ላይ ከቻለ።

4. ዋይፋዩን ተው፣ ኬብል ሰካ። የምትኖሩበት ሊኞን ከ1963 እስከ 1971 የተሠራ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ ነው፤ 2,700 ገደማ ቤት አለው። በየቤቱ አንድ ዋይፋይ ቢኖር ስንት ሰው ባንድ አየር ላይ እንደሚጮህ አስበው። የልብስ ማጠቢያው ክፍል እንኳ ተራ አለው፤ ዋይፋይ ግን ለጎረቤት ሁሉ ተራ እየለቀቀ ነው የሚሠራው። ዙሪክ ያለው ጓደኛህ ኢኒት7 የሚባለው የኢንተርኔት አቅራቢ ከ2021 ጀምሮ 25 ጊጋቢት ይሰጣል እያለ ይፎክርብሃል፤ ይፎክር። አንተ የምትልከው 6 ሜጋቢት ነው። የሚያስፈልግህ ሰፊ መንገድ ሳይሆን የማይቋረጥ መንገድ ነው። ዌብ የተፈለሰፈበት የምርምር ማዕከል ሰርን እዚህ ጎረቤታችሁ ሆኖ አንተ በሦስት ሜትር አየር መሸነፍህ ያሳዝነኛል።

5. ማን እንደሚያይህ አትርሳ። ተመልካቾችህ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ያሉ የአክስቶችህ ልጆችና ጓደኞቻቸው ናቸው፤ የሚያዩህም በስልክ፣ በሞባይል ዳታ። በ6 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ያየህ ልጅ 2.7 ጊጋባይት ጨረሰ ማለት ነው። «ይቆራረጣል» እያሉ የሚጽፉልህ ኮምፒውተርህ ስለታመመ ላይሆን ይችላል። ዩቲዩብ ዝቅ ያለ ጥራት ራሱ አዘጋጅቶ ያስመርጣቸዋል፤ ትዊች ግን ለትንሽ ቻናል ይህን ሁልጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ትዊች ላይ ስትሆን 720ፒ በ3 ሜጋቢት ላክ። የዘመድ ልጅ ካርድ ሲያልቅበት «ጥራቱ ግን ያምር ነበር» አይልህም።

6. ስትቀርጽ በኤምኬቪ ቅረጽ። ተራ ኤምፒ4 ፋይል በሥርዓት ሳይዘጋ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ሊከፈት የማይችል ሆኖ ይቀራል፤ ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን ያቆይልሃል። ሲያልቅ ኦቢኤስ ራሱ ጥራቱን ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይገለብጠዋል። እኔ አንድ ሙሉ የክርስትና ቀረጻ እንዲህ ባልተዘጋ ኤምፒ4 አጥቻለሁ፤ የሕፃኑ እናት እስካሁን ስታገኘኝ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው።

7. አንድ ነገር ለውጠህ ሞክር፤ ሁለት አትለውጥ። ሦስቱን ባንዴ ነካክተህ ቢስተካከል እንኳ ያዳነህን አታውቀውም፤ ነገ ሲመለስብህ እንደገና ትጮሃለህ። የለወጥከውን ደብተር ላይ ጻፍ። ስትሞክርም ሜኑ ላይ ቆመህ ሳይሆን ጌሙ በከበደበት ቦታ፣ ሦስት ኮምባይነር አብረው በሚያጭዱበት ማሳ ላይ፣ አምስት ደቂቃ ቅረጽና ስታትሷን ተመልከት።

ለቅዳሜ አሥር ሜትር ኬብል ይዤልህ እመጣለሁ። ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ ሥር ስለምናሳልፈው ለእናትህ ቀድመህ ንገራት፤ እኔ አልነግራትም።