የቆሽት ካንሰርና በፕሮቲን ላይ የሚለጠፈው ስኳር

በዚህ እትም ስለ ቆሽት ካንሰር እንማማራለን። ትምህርቱ ጥቂት ከበድ ይላል፤ ሆኖም በየብሎኩ ለምትዘዋወሩ በጎ ፈቃደኞች ይጠቅማችኋል።

ቆሽት ምንድን ነው?
ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ ይገኛል። ምግብ እንዲፈጭ የሚረዳ ፈሳሽና የደም ስኳርን የሚቆጣጠር ኢንሱሊን ያመነጫል።

ግላይኮሲሌሽን ምን ማለት ነው?
የሰውነታችን ሕዋሳት በሚሠሯቸው ብዙ ፕሮቲኖች ላይ የስኳር ሰንሰለት ይለጥፋሉ። ይህ ግላይኮሲሌሽን ይባላል። ሰንሰለቱ በራሽን ካርድ ላይ እንደሚመታ ማኅተም ነው፤ ሕዋሳት እርስ በርስ ለመተዋወቅ ይጠቀሙበታል።

በካንሰር ጊዜ ምን ይለወጣል?
ሕዋሱ ወደ ካንሰር ሲለወጥ ማኅተሙ ይዛባል። ያዛባውም በሕዋሱ ውስጥ የደረሰው ለውጥ እንጂ ሻይ ላይ የምንጨምረው ስኳር አይደለም። የተዛባው ሰንሰለት የካንሰሩ ሕዋስ ከሰውነት ተከላካዮች እንዲሸሸግ ይረዳዋል። በደም ሲጓዝም የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ወደ ሌላ አካል እንዲዛመት መንገድ ይከፍትለታል። ከእነዚህ ሰንሰለቶች አንዱ ሲኤ 19-9 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ይህ ሰንሰለት ራሱ ቆሽትን እንደሚያስቆጣና ካንሰሩን እንደሚያፋጥን አሳይቷል።

በደም ምርመራ ይታወቃል?
ሲኤ 19-9 በትልልቅ ሆስፒታሎች በደም ይለካል። በተለምዶ ከ37 ዩኒት በሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ደኅና ነው ይባላል። ነገር ግን ሁለት ነገር እናስታውስ፦
1. የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ወይም ቆሽት ሲቆጣ ያለ ካንሰርም ይጨምራል።
2. አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ይህን ሰንሰለት አይሠሩም። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 ያህሉ እንዲህ ናቸው፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል።
ስለዚህ ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው በሽታው የታወቀለትን ሰው ለመከታተል ነው። ጤነኛ ሰው ካንሰር እንዳለበትና እንደሌለበት ለመለየት አይበቃም። ምልክት ያለበት ሰውም ውጤቱ ዝቅ ስላለ ብቻ «ነፃ ነኝ» ብሎ መቀመጥ የለበትም።

ምልክቶቹ
• የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የሰገራ መንጣትና ማሳከክ
• ያለ ምክንያት መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ
• ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የላይኛው ሆድ ሕመም
• ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ በድንገት የጀመረ የስኳር በሽታ፣ በተለይ ከመክሳት ጋር

በመንደራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ይፈለግለታል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ይሁንና ቅጠሉ እስኪሠራ ሲጠበቅ ሳምንታት ያልፋሉ። ይህን ካንሰር ሊያድን የሚችለው ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ የሚቻለውም በሽታው ሳይዛመት ከተደረሰበት ነው።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያው አምጡት። ሽንቱንና ሰገራውን ጠይቁት፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው ጽፋችሁ ያዙ። ለሪፈር የሚወስነው ባለሙያ ይህን መረጃ ይፈልገዋል።

ሲጋራ ማጨስ ለዚህ ካንሰር ያጋልጣል። የሚያጨስ ካለ ዛሬውኑ ማቆም ይጀምር።