የዓይን ማዝ ጀርም ሲነበብ

ዕጩ መምህራን፣ የዓይን ማዝ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ትራኮማ ነው። ጀርሙ፣ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ፣ የሚራባው በሕያው ሴል ውስጥ ብቻ ስለሆነ እንደ ሌላው ባክቴሪያ ሣህን ላይ ዘርተው አያበቅሉትም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የዓይን ቆቡን ገልብጠው በጥጥ ይጠርጉና ዲ.ኤን.ኤ.ውን ፊደል በፊደል ያነቡታል። ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲነበብ ከ1 ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ፊደል ሆኖ ተገኘ፤ ለባክቴሪያ እንኳ ጥቂት ነው።

ይኼ ለኛ ምን ያደርግልናል? በአማራ ክልል አዚትሮማይሲን ለዓመታት ቢታደልም በሽታው በብዙ ወረዳዎች አልለቀቀም። ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከክልሉ የተወሰዱ ናሙናዎችን አንብቦ፣ መድኃኒቱን እንዲቋቋም የሚያደርግ የዘር ለውጥ አላገኘም። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ መድኃኒቱ ላይ መጫን አያስኬድም፤ የውኃው እጥረት አለ፣ ዝንቡ አለ፣ የሽንት ቤቱ ነገር አለ። ንባቡም ቢሆን ሁሉን አይነግረንም፤ የሞተ ጀርም ፊደልም ይነበባልና።