አስመራ ስንት ሰዓት ነው?

ዜና ላይ «አስመራ የአንድ ሰዓት በረራ ናት» ብሎ መጻፍ ይቀላል። እስቲ እናስላው። አዲስ አበባና አስመራ ሁለቱም 39ኛው የኬንትሮስ ዲግሪ አካባቢ ስለሆኑ ኬክሮሱን መቀነስ ብቻ ይበቃል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ አስመራ 15.3፤ ልዩነቱ 6.3። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነውና ስናባዛው 700 ገደማ ይመጣል። ለጄት ይሄ ከመነሣት እስከ ማረፍ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መድረስ ማለት ነው!

ሰዓቱ ግን በሒሳብ ብቻ አይወሰንም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በረራው ተቋረጠ፤ ለ20 ዓመት። በዚያ ጊዜ ለወላጁ ለቅሶ እንኳ መሄድ የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። በካይሮ ቢዞር ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስድስት እጥፍ፣ ያውም የቪዛው ጣጣ ሳይቆጠር። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን እንዳለ፣ ሰዓቱን ግን ከነዓመቱ ብንጽፈው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት ፈላጊው ስለበዛ አንድ አውሮፕላን አልበቃም፤ ሁለት ተከታትለው ሄዱ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አስመራ መብረሩን እንደገና አቆመ።