እየቀዳ የሚለካ ማንቆርቆሪያ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት የሚነገረው ስለ እህል ሰፋሪ ቢሆንም፥ ወተት፣ ዘይት ወይም ጠጅ ለሚቀዳ ሰውም የሚስማማ ምክር ነው። እኔም በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ የማድ ቤት ዕቃ ለመጻፍ የተነሣሁት በቤታችን በደረሰ ነገር ምክንያት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይህም እስከ መጨረሻው እንድትከታተለኝ እለምንሃለሁ።

እናቴ እዚህ ደብረ ብርሃን ሁለት ላሞች አሏት፤ ጠዋት ጠዋት ለጎረቤት ወተት ትሸጣለች። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቀጂው እኔ ሆንኩ። መቅጃችን ጎኑ ላይ እስከ 1 ሊትር ድረስ መስመር የተሰመረበት የፕላስቲክ ጆግ ነበር። ግማሽ ሊትር ለሚወስድ ሰው ጆጉን እስከ ላይኛው መስመር እሞላና ወተቱን ወደ ዕቃው እያፈሰስኩ፥ በእጀታው በኩል ያለውን መስመር እመለከት ነበር። ወተቱ 500 ከሚለው መስመር ሲደርስ ማፍሰሴን አቆማለሁ። እንደዚህ ማድረጌ ለእኔ ትክክለኛ ልኬት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ብዙ ዘመን ከእኛ ወተት የሚወስዱ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፥ የወሰዱትን ወተት በራሳቸው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ገልብጠው ይዘውት መጡ። ጠርሙሱ አልሞላም፤ እንዲያውም ብዙ ጎድሎት ነበር። «እንዲያው ልጄ፥ ግማሽ ሊትር እንዲህ ያነሰው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሏት እናቴን። እናቴ ፊቷ ቀላ። «እትዬ፥ በእኔ ይሁንብዎ፤ የቀዳው ልጁ ነው፤ አላየሁትም» ብላ ሞልታ ሰጠቻቸው። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፥ «ወተት ቢጎድል ላሟ ትተካዋለች፤ እምነት ቢጎድል ማን ይተካዋል?» አለችኝ። እኔ ግን አልሰረቅሁም ነበር። እንግዲያስ ወተቱ የት ሄደ? ይህ ጥያቄ ነው ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ።

መስመሩ ለምን ዋሸ?

መስመር የተሰመረበት ጆግ እውነቱን የሚናገረው ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። ስናዘነብለው ጆጉ ይጋደማል እንጂ የፈሳሹ ፊት አይጋደምም፤ የውኃ ፊት ሁልጊዜ አግድም ነውና። ስለዚህ በማፍሰሻው በኩል ፈሳሹ ገና ከአፉ ሳይወርድ፥ በእጀታው በኩል ግን ፈጥኖ ዝቅ ይላል። እኔም የተመለከትሁት ፈጥኖ ዝቅ የሚለውን ጎን ስለ ነበር ገና ሳይበቃ አቆምኩ። በማፍሰሻው በኩል ያለውን ጎን ተመልክቼ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከልክ በላይ በሰጠሁ ነበር። ስሕተቱ የእጅ ሳይሆን የዕቃው ነው ማለት ነው፤ ዳሩ ግን ዕቃውን ሳያውቅ የሚቀዳ ሰው ከኃላፊነት አያመልጥም።

አባቶቻችንም የራሳቸው መስፈሪያ ነበራቸው፤ ማር በጉንዶ፣ ጠላ በገንቦና በጋን፣ ጠጅ በብርሌ ይለካ ነበር። እስከ ዛሬም አረቄ የሚቀዳበትን ትንሽ ብርጭቆ ስሙን «መለኪያ» እንለዋለን። ይሁን እንጂ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ኢትዮጵያ ሚዛንና መስፈሪያ በጻፈው ጥናት እንዳሳየው፥ የጥንቱ መስፈሪያ ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ሊትር የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ሊትር በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1795 ሲደነገግ፥ ጎኑ ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአንድ ኩብ ይዘት ነው ተባለ። ከ1901 እስከ 1964 ድረስ በ1 ኪሎ ግራም ውኃ ይዘት ተተርጉሞ ነበር፤ ከ1964 ወዲህ ግን ወደ ቀድሞው ትርጉም ተመልሷል። ይህን 10 በ10 በ10 የሆነ ኩብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከአንኮበር የመጣው ሐሳብ

አጎቴ አንኮበር ውስጥ ግንበኛ ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደላማ ቦታ ላይ ያለች አገር ስለ ሆነች፥ እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ደልዳላ መሬት አያገኝም። ለፍልሰታ ልጠይቀው ሄጄ ድንጋይ ሳቀብለው፥ ሁለት መሣሪያ ከእጁ እንደማይለይ አየሁ፤ አንዱ ቱምቢ፥ ሁለተኛው ውኃ ልክ ነው። «መሬቱ ቢያዘነብልም ቱምቢው አያዘነብልም» አለኝ። ያን ጊዜ የወተቱ ነገር ትዝ አለኝ። ቱምቢ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ የውኃ ፊት ሁልጊዜ አግድም ይተኛል፤ ሁለቱም ምንጊዜም በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ። እንግዲያው በማንቆርቆሪያ ጎን ላይ ቱምቢ ብናንጠለጥል፥ ዕቃው ውስጡ ባይታይ እንኳ የፈሳሹ ፊት የት እንደ ደረሰ ቱምቢው ሊነግረን ይችላል ማለት ነው።

የሒሳቡ አካሄድ

ውስጡ 10 በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፥ ክዳን የሌለው ባለ አራት ማዕዘን ማንቆርቆሪያ እናስብ። ሲሞላ ልክ 1 ሊትር ይይዛል። ከጎን ስናየው አራት ማዕዘን ነው። የሚያፈስሰውን የላይኛውን የፊት ማዕዘን «ሀ»፣ በእጀታው በኩል ያለውን የላይኛውን የኋላ ማዕዘን «ለ»፣ ከእርሱ በታች ያለውን የኋላ ግርጌ «ሐ»፣ የፊቱን ግርጌ «መ» እንበላቸው።

እስከ አፉ ሞልተን ቀስ ብለን ስናዘነብለው ፈሳሹ በ«ሀ» በኩል ይወርዳል፤ የፈሳሹ ፊትም ከ«ሀ» ተነሥቶ የኋላውን ግድግዳ ከ«ለ» ዝቅ ብሎ ይነካል። ባዶ የሆነው ክፍል ከጎን ሲታይ ሦስት ማዕዘን ነው። ፈሳሹ በኋላው ግድግዳ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንደ ሆነ፥ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት የ10 እና የ2 ብዜት ግማሽ፥ ማለት 10 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን በዕቃው ወርድ በ10 ብናበዛው 100 ኩብ ሳንቲ ሜትር፥ ይኸውም 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ስለዚህ በኋላው ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ፈሳሹ «ሐ» ላይ ሲደርስ 500 ሚሊ ሊትር ፈስሷል፤ ልክ ግማሹ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ ራሱ ሦስት ማዕዘን ስለሚሆን፥ የፈሳሹ ፊት በግርጌው ላይ ወደ «መ» 2 ሳንቲ ሜትር በተጠጋ ቁጥር 100 ሚሊ ሊትር ይወጣል።

አሁን ቱምቢውን ከውጭ በኩል ከ«ለ» ላይ እናንጠልጥለው። የፈሳሹ ፊት ከላይኛው ጠርዝ ጋር የሚሠራው ማዕዘንና ክሩ ከኋላው ጠርዝ ጋር የሚሠራው ማዕዘን እኩል ናቸው። ዕቃው በአራቱም በኩል እኩል ስለ ሆነ፥ ፈሳሹ በኋላው ግድግዳ ዝቅ ያለውን ያህል ክሩም በግርጌው ጠርዝ ላይ ከ«ሐ» ወደ «መ» ይሄዳል። እንግዲህ ምልክት የሚደረገው እንዲህ ነው፤ ከ«ሐ» ጀምሮ በግርጌው ጠርዝ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ 100፣ 200፣ 300፣ 400፣ «መ» ላይ ሲደርስ 500፤ ከ«መ» ወደ ላይ በፊተኛው ጠርዝ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ 600፣ 700፣ 800፣ 900። ክሩ የሚያርፍበት ምልክት የፈሰሰውን ልክ ይናገራል።

ዲግሪ መለኪያ ላለው ሰው የማዘንበሉ ልክ በቅርቡ እንዲህ ነው፤

100 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 11 ዲግሪ
200 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 22 ዲግሪ
300 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 31 ዲግሪ
400 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 39 ዲግሪ
500 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 45 ዲግሪ
600 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 51 ዲግሪ
700 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 59 ዲግሪ
800 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 68 ዲግሪ
900 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 79 ዲግሪ

ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፥ በመጀመሪያ 100 ለማፍሰስ 11 ዲግሪ ማዘንበል ሲያስፈልግ፥ ከ400 ወደ 500 ለመድረስ ግን 6 ዲግሪ ብቻ ይበቃል። እንግዲህ በመካከል ላይ እጅ ትንሽ ሲዞር ብዙ ይፈሳል ማለት ነው፤ መጠንቀቅ የሚያሻውም እዚያ ላይ ነው።

አሠራሩ

1ኛ. ዕቃው ከማይዝግ ቆርቆሮ ይሠራል። 10 ሳንቲ ሜትር የሚለካው ውስጡ እንጂ ውጭው አይደለም። መገጣጠሚያው እርሳስ በገባበት ብየዳ እንዳይበየድ፤ እርሳስ ለምግብ ዕቃ መርዝ ነው።

2ኛ. የማፍሰሻው ጠርዝ ቀጥ ያለና ስስ ይሁን። ወፍራምና ክብ ጠርዝ ላይ ፈሳሹ ተጣብቆ በውጭው ግድግዳ ይወርዳል። ፈሳሹ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ እንዳይወርድ፥ ከጠርዙ በታች አሸንዳ የመሰለ የታጠፈ ቆርቆሮ ይደረግለት። አሸንዳው ከጠርዙ በታች ስለ ሆነ ልኩን አያበላሸውም።

3ኛ. እጀታው በኋላው ግድግዳ መካከል ይሁን፤ ክሩን እንዳይነካ።

4ኛ. ክሩ ከዕቃው ሰያፍ መስመር መርዘም አለበት፤ ሰያፉ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ 17 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ ይታሰርበታል።

እኔ የመጀመሪያውን የሠራሁት ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ነበር፤ ለመሞከሪያ በውኃ ብቻ ነው የተጠቀምሁበት። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ የፈሰሰውን ውኃ በሱቅ ሚዛን መዝኜ አረጋገጥሁ። ቸኩዬ ሳፈስስ ስሕተቱ ብዙ ነበር፤ ቀስ ብዬ አፍስሼ ጠብታው እስኪቆም ስጠብቅ ግን ልዩነቱ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አልበለጠም።

ጉድለቶቹ

ስለ ሥራዬ ጥሩውን ብቻ ብናገር ያው የጎደለ ሊትር መስጠት ይሆንብኛል። ይህ ማንቆርቆሪያ እውነቱን የሚናገረው ሲጀመር እስከ ጠርዙ ከሞላ ብቻ ነው፤ የሚሞላውም በደልዳላ ቦታ ሳህን ላይ ተቀምጦ ነው። ወደ ጎን ካጋደለ ይስታል። እየፈሰሰ ሳለ ከጠርዙ በላይ የፈሳሽ ውፍረት ስላለ፥ ክሩ ትክክለኛውን የሚያሳየው ፈሳሹ መውረዱን ሲያቆም ነው። ወተት አረፋ ካለው አረፋው እስኪከስም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አረፋ ቦታ ይይዛል እንጂ ወተት አይደለም። ማርና የረጋ ዘይት ደግሞ ግድግዳ ላይ ስለሚቀሩ በሚዛን ቢለኩ ይሻላል፤ ነገር ግን 1 ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል፣ 1 ሊትር የምግብ ዘይት 0.92 ኪሎ ያህል እንደሚመዝን ገዢም ሻጭም ይወቅ፤ ሊትርና ኪሎ አንድ አይደሉም።

ማንቆርቆሪያውን ለማሠራት ለማይችል ሰውም አንድ ነገር ልተውለት። ክብ ይሁን ባለ አራት ማዕዘን፥ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ማንኛውም ጣሳ ሞልቶ ሲዘነበል፥ የፈሳሹ ፊት የኋላውን ግርጌ በነካበት ቅጽበት በውስጡ የቀረው ልክ ግማሹ ነው። ለዚህ ክርም መስመርም አያስፈልግም፤ ዐይን ይበቃል። በየ2 ሳንቲ ሜትሩ እኩል የሚሄደው ምልክት ግን ለክብ ዕቃ አይሠራም።

ጉዳዩ የወተት ብቻ እንዳልሆነም መናገር እወዳለሁ። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ እንዲበጠበጥ የታዘዘ ከሆነ፥ ውኃው ሲያንስ ጨው በዝቶ ሕፃኑን ይጐዳል፤ ሲበዛም መድኃኒቱ ይደክማል። በየቤቱ አንድ የታመነ ሊትር ቢኖር እንዴት መልካም ነበር!

ከማይዝግ ቆርቆሮ ያሠራሁትን ሁለተኛውን ማንቆርቆሪያ ዛሬ እናቴ ትቀዳበታለች። የመጀመሪያዋ ገዢ ያቺው አሮጊት ጎረቤታችን ነበሩ። ጠርሙሳቸውን ይዘው ቆሙ፤ እናቴም ክሩ «መ» ላይ እስኪደርስ ቀስ ብላ አፈሰሰች፤ ጠርሙሱም ሞላ። እርሳቸው ግን ክሩን አልተመለከቱም ነበር፤ የእናቴን ፊት ነበር የተመለከቱት። እኔም ያን ጊዜ የተረዳሁት፥ ሳይንስ ልኩን ሊያሳይ ይችላል፤ ሞልቶ መስጠት ግን የሰው ፈንታ መሆኑን ነው። የትምህርት ቤቴ ልጆች ሆይ፥ በየቤታችሁ ያለውን መስፈሪያ አንድ ጊዜ ፈትኑት፤ እናንተም ሳታውቁት ስታጎድሉ ኖራችሁ ይሆናል።