ያረጀ ቤት ገዝተሽ ለማከራየት ስታስቢ

ልጄ፣ ዕቁቡ ሲደርስሽ ባልቲሞር አንድ የተጎሳቆለ ቤት ገዝተሽ፣ አድሰሽ ልታከራዪ ማሰብሽን እናትሽ ነገረችኝ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለዳውን ፔይመንት በማይበቃ ገንዘብ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ሙሉ የጡብ ቤት ይገኛል። ቤቱ ግን ዕዳውን፣ ሕጉንና ነገ የሚገባበትን ቤተሰብ ይዞ ነው የሚመጣው። የምመክርሽ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

1. ከቤቱ በፊት ሰፈሩን እዪ።

ባልቲሞር በ1950 ወደ 950 ሺህ ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 ቆጠራ 586 ሺህ ገደማ ተገኘ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ አቅም ያለው ወደ ዳርቻው ወጣ፣ ባንኮችም በካርታ ላይ በቀይ ለተከለለው የጥቁሮች ሰፈር ለዓመታት ብድር ነፈጉ። ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ቤት ባዶውን የቆመው በዚህ ሁሉ የተነሳ ነው። ቤቶቹ በአብዛኛው ሮው ሀውስ የሚባሉት፣ ግድግዳ የሚጋሩ ናቸው። ስለዚህ የጎረቤት ጣሪያ ሲወድቅ ውሃው ወደ አንቺ ቤት ይመጣል። በዚያ ብሎክ ስንት በርና መስኮት በጣውላ እንደታሸገ ቁጠሪ። ቀን ሂጂ፣ ማታም ሂጂ፣ ዝናብ ሲጥልም ሂጂ። ደረጃቸው ላይ የተቀመጡ አዛውንት ካየሽ ሰላምታ ሰጥተሽ ጠይቂያቸው። ያ ቤት መቼ እንደተቃጠለ፣ ቤዝመንቱ በየስንት ጊዜው ውሃ እንደሚሞላ የትኛውም ሻጭ አይነግርሽም፤ እሳቸው ግን ይነግሩሻል።

2. በታክስ ሴል ምን እንደምትገዢ እወቂ።

ከተማዋ በየዓመቱ በሜይ ወር ግብር ያልተከፈለባቸውን ቤቶች ጨረታ ላይ ታወጣለች። “ቤት በ3 ሺህ ዶላር ገዛሁ” የሚል ሰው ከሰማሽ፣ ምን እንደገዛ ገና አልገባውም። የሚሸጥልሽ የግብሩ ዕዳ ነው፤ በእጅሽ የሚገባውም ሰርተፊኬት ብቻ ነው። ባለቤቱ ዕዳውን ከነወለዱ ከፍሎ ቤቱን የማስመለስ መብት አለው። ወለዱ ባለቤቱ በማይኖርበት ቤት ላይ በዓመት 18 በመቶ፣ በሚኖርበት ላይ 12 በመቶ ነው። ማንም ካልከፈለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ጠብቀሽ በጠበቃ ክስ ትመሠርቻለሽ። ፍርድ ቤቱ የባለቤትነት ውሳኔ እስኪሰጥሽ ድረስ ግን በሩን ከፍተሽ መግባት አትችዪም፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ ማስጠገንም አትችዪም። ቤቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ እየፈረሰ ይቆይሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከእናታቸው በወረሱት ቤት የሚኖሩ፣ ስሙን በፍርድ ቤት ያላዛወሩ፣ የግብሩ ደብዳቤም በሟች ስም የሚመጣባቸው አሮጊቶች አሉ። ሰው የሚኖርበትን ቤት ዕዳ አትግዢ። ሕጉ ይፈቅድልሻል፤ እኔ ግን አልፈቅድልሽም። በትንሽ ዕዳ ሰበብ ሰውን ከጣሪያው ሥር አውጥቶ የሚገኝ ትርፍ ቤትሽ እንዲገባ አልፈልግም።

የተሻለ መንገድ አለ። ፍርድ ቤት በሾመው አስተዳዳሪ በኩል ለጨረታ የሚቀርቡ ባዶ ቤቶች ንጹሕ ታይትል ይዘው ይወጣሉ። ገዢው በተወሰነ ጊዜ አድሶ እንዲጨርስ ይገደዳል፤ ለማደሻ የሚሆን ገንዘብ እንዳለውም ይጠየቃል። ይህ ግዴታ ላንቺ ጥሩ ነው፤ ሳትዘጋጂ እንዳትገቢ ይከለክልሻል።

3. ከቤቱ ሥር ያለው መሬት የማን እንደሆነ ጠይቂ።

በሜሪላንድ ግራውንድ ሬንት የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ቤቱ ያንቺ ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ውሉም የ99 ዓመት ነው፣ እየታደሰ ይቀጥላል። መሬት የግል በማይሆንበት አገር ለተወለደ ሰው ነገሩ አይከብድም። ክፍያው ብዙ ጊዜ በዓመት ከ50 እስከ 150 ዶላር ነው፤ ቢሆንም ተረስቶ ሲከማች ክስ ያመጣል። ከ2007ቱ ሕግ ወዲህ በስቴቱ መዝገብ መግባት ስላለበት ታይትል ካምፓኒው እንዲፈትሽልሽ አድርጊ፤ ታይትል ኢንሹራንሱንም ግዢ።

4. ጣሪያው፣ ቤዝመንቱ፣ የኋላው ግድግዳ።

የሮው ሀውስ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃ ያቁራል። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ የወለሉን አግዳሚ እንጨት ጫፉ ላይ ያበሰብሰዋል፣ ከውጭም አይታይም። የኋላው ግድግዳ ወደ ውጭ ካበጠ መሐንዲስ ሳታሳዪ ዋጋ አትጥሪ። የኤሌክትሪኩን መስመር፣ የዛገውን የውሃ ቧንቧ፣ ወደ መንገዱ የሚወጣውን የሸክላ ፍሳሽ መስመር በካሜራ ሳይቀር አስመርምሪ። ከተማዋ “ባዶ ሕንፃ” ብላ ማስታወቂያ የለጠፈችበት ከሆነ ደግሞ ሰው ከመግባቱ በፊት ለቤቱ የመኖሪያነት ፈቃድ በአዲስ መልክ ማውጣት ግድ ነው። ከገዙ በኋላ ኢንስፔክተር መጥራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

5. ለኮንትራክተር እያየሽ ክፈዪ።

የሜሪላንድ ሕግ ኮንትራክተር ሥራ ሳይጀምር ከውሉ ዋጋ ሲሶ በላይ እንዳይቀበል ይከለክላል። የአገርሽ ልጅም ቢሆን የስቴቱን ላይሰንስ ቁጥር ጠይቂው፣ መዝገቡም ላይ አረጋግጪ፤ የቀረውን ሥራው ባለቀ ቁጥር ክፈዪ።

6. ሒሳቡን በጭንቅላትሽ አትሥሪ።

ከተማዋ በየ100 ዶላሩ ግምት 2.248 ዶላር ግብር ታስከፍላለች፤ አጠገቧ ያለው ባልቲሞር ካውንቲ 1.10 ነው የሚያስከፍለው። በ100 ሺህ ዶላር በተገመተ ቤት ላይ ይህ 2,248 ዶላር ይሆናል፤ የስቴቱ 112 ዶላር ሲጨመር 2,360። ካደስሽው በኋላ ግምቱ እንደሚያድግም አትርሺ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ባዶ ቤትን ስለማይሸፍን በእድሳቱ ወራት ለባዶ ቤት የሚሆነውን መግዛት አለብሽ። የውሃው ቢል ባንቺ ስም ይመጣል። ኪራዩ 1,600 ዶላር ከሆነ 800ውን የቤቱ ብለሽ ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጥገናና ቤቱ ባዶ ለሚሆንባቸው ወራት ለይተሽ አስቀምጪ። የባንክ ብድሩ በቀሪው 800 ካልተሸፈነ ቤቱን ተዪው።

7. ከምንም በላይ፣ የእርሳሱ ነገር።

አብዛኞቹ የባልቲሞር ቤቶች እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀቡ ናቸው። ከተማዋ በቤት ውስጥ እንዳይቀባ የከለከለችው በ1951 ነው፤ በመላው አሜሪካ የተከለከለው ደግሞ በ1978። ቀለሙ ከላይ በአዲስ ቢሸፈንም መስኮቱ ወደ ላይና ወደ ታች በተሳበ ቁጥር እየተፋቀ እንደ ዱቄት ይረግፋል። አቧራው የመስኮቱ ደፍ ላይና ወለሉ ላይ ያርፋል። የሚድህ ሕፃን እጁን ያሳርፍበታል፣ ከዚያ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። እርሳሱ አንጎሉን ይጎዳል፤ ትምህርት መቀበሉን፣ ትኩረቱን፣ ጠባዩን ያውካል። የደረሰው ጉዳት በመድኃኒት አይመለስም። በዚያች ከተማ ኬኔዲ ክሪገር የተባለው ተቋም በእርሳስ የተመረዙ ልጆችን ሲያክም ለአሥርት ዓመታት ኖሯል።

ሕጉ ከ1978 በፊት የተሠራና ከእርሳስ ነፃ መሆኑ ያልተመሰከረለት የሚከራይ ቤት ሁሉ በስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ እንዲመዘገብ ያዛል። ተከራይ በተለወጠ ቁጥርም ተመርምሮ ሰርተፊኬት ይወጣለታል። አንቺ ግን እዚያ ላይ አትቁሚ። ገንዘብሽ ለኩሽናው ድንጋይ ወይም ለመስኮቶቹ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መስኮቶቹን ቀይሪ። ሠራተኞቹ የድሮውን ቀለም በደረቁ እንዳይፍቁ፣ ለእርሳስ ሥራ የሠለጠኑና ፈቃድ ያላቸው መሆናቸውን አረጋግጪ። እናት አራስ ልጅ ታቅፋ ቤቱን ልታይ ስትመጣ ዓይኗን እያየሽ “ንጹሕ ነው” ማለት ካልቻልሽ ቁልፉን አትስጪያት።

8. ላይሰንስ።

ከ2019 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት ቤትም ሳይቀር የኪራይ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። ያለ ላይሰንስ ያከራየ ሰው ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ቢከስ ፍርድ ቤቱ አይሰማውም።

9. ተከራይን በአንድ መስፈርት ምረጪ፤ ሁሉንም በጽሑፍ አድርጊ።

“ለሐበሻ ብቻ” የሚል ማስታወቂያ በእኛ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ የተከለከለ አድልዎ ነው። ከ2020 ወዲህ በሜሪላንድ የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ ቮቸር ይዞ የመጣን ሰው በቮቸሩ ምክንያት መመለስም ክልክል ነው። ለዘመድ ስታከራዪም ውል ጻፊ። በይሉኝታ የተተወ ውል ስንቱን አበልጅና ጓደኛ አቆራርጧል።

ዲፖዚት ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ሲገቡም ሲወጡም እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሺ። ከወጡ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ከነወለዱ መልሺ፤ የቀነስሽው ካለም በዝርዝር ጻፊላቸው። ያለ በቂ ምክንያት ያስቀረ አከራይ ያስቀረውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል።

10. ኪራይ ሲዘገይ።

መጀመሪያ ደውለሽ ጠይቂ። ሥራ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ አፍሮ ስልክ አያነሳም፤ ስለዚህ ሄደሽ አነጋግሪው። በሁለት ወር ከፋፍሎ ቢከፍልሽ ቤቱ ባዶ ከሚሆንብሽ ይሻላል። የመዘግየት ቅጣት ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ። ካልሆነም የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተሽ ወደ ፍርድ ቤት ሂጂ፤ ሰውን ከቤት የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የመጣ ሸሪፍ ብቻ ነው። ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ወይም ማሞቂያ መቁረጥ ሕገ ወጥ ነው።

በጃንዋሪ ሌሊት ቦይለሩ ቆመ ብለው ሲደውሉልሽ ደግሞ ስልኩን አንሺ። ሌሊት የሚመጣ ጠጋኝ ስምና ቁጥር ከወዲሁ ያዢ፤ ሁለት ቢሆኑ ይሻላል።

ያየሽውን ቤት አድራሻ ላኪልኝ። የግራውንድ ሬንቱን መዝገብና የከተማዋን ማስታወቂያዎች አብረን እናይና ቅዳሜ ባትሪ ይዘን ቤዝመንቱን እናየዋለን።