ከደሴና ከኮምቦልቻ መጥታችሁ አሜሪካ ምግብ ቤት ስትቀጠሩ

አሜሪካ እንደገባችሁ ቶሎ ከሚገኙት ሥራዎች አንዱ እንደ ቺፖትሌ ባሉ ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ፈጣን ምግብ ቤቶች መቀጠር ነው። የሥራ ልምድ ብዙም አይጠየቅም፤ እንግሊዝኛም ቶሎ ይለመዳል። ድካሙ ግን ቀላል አይደለም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሽፍት የሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ መቆም ምን እንደሆነ ያውቃል። እዚህ የሚጨመረው የምሳ ሰዓት ሰልፍ ነው፦ ሩዙን፣ ባቄላውን፣ ዶሮውን እየጨለፋችሁ የደንበኛውን ትእዛዝ በጆሮ መያዝ፤ ማታ ደግሞ መጥበሻውን ፈግፍጎ፣ ወለሉን ወልውሎ መዝጋት።

ስትቀጠሩ

ማንነታችሁንና አሜሪካ ውስጥ የመሥራት ፈቃዳችሁን ለማረጋገጥ የሚያገለግለውን «አይ-ናይን» የሚባል ቅጽ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ሙሉ፤ ሰነድ ለማቅረብ 3 የሥራ ቀናት አላችሁ። ከተፈቀዱት ሰነዶች የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ቀጣሪው «የግድ ግሪን ካርድ አምጡ» ማለት አይችልም።

ሰዓትና ክፍያ

የሥራ ፕሮግራማችሁ ላይ 6 ሰዓት ካለ በእኛ 12 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ መዝግባችሁ ከክፍያ ወረቀቱ ጋር አስተያዩ። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራችሁት የሰዓቱ ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ 7.25 ዶላር ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በትልልቆቹ ፈጣን ምግብ ቤቶች ከ20 ዶላር አያንስም። ኒው ዮርክ ከተማ ፈጣን ምግብ ቤቶች የሥራ ፕሮግራም ከ14 ቀን በፊት እንዲሰጡ በሕግ ታስገድዳለች። ቺፖትሌ ይህንና የሕመም ፈቃድ ሕጉን ጥሷል ተብሎ በ2022 ለ13 ሺህ ያህል ሠራተኞች 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምቷል። መብት የሚከበረው ማስረጃ ሲያዝ ነው።

ጾምና በዓል

15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ሥራውን በእጅጉ ካልጎዳበት በቀር፣ ለሃይማኖታችሁ ማመቻቸት አለበት። የማፍጠሪያ እረፍት፣ የጁምዓ ሰላት፣ የእሑድ ቅዳሴ፣ የአሳማ ሥጋ አለመንካት፦ የሚያስፈልጋችሁን ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ወሎ ላይ እስላምና ክርስቲያኑ በበዓል እንደሚተጋገዘው እዚህም የፋሲካንና የኢድን ሽፍት ተቀያየሩ።

ለቤተሰብ

የሥራ ሰዓት ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝም ይቀነሳል። ስለዚህ ደሴ ላሉት በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ ብላችሁ ቃል ከመግባታችሁ በፊት የሁለትና የሦስት ወር ገቢያችሁን እዩ።

ሥራውን አትናቁት፤ ቋንቋ፣ የሥራ ታሪክና የቤት ኪራይ ያስገኛል። ነገር ግን እዚያው እንዳትቀሩ ድርጅቱ ለትምህርት የሚረዳ መሆኑን ጠይቁ፤ ሰዓታችሁን ሳትመዘግቡም አንድ ቀን አትዋሉ።