በፊደላችን የሚጻፍ የንግድ ስምና የኢንተርኔት አስተዳደር

የቡሬ በርበሬ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ አዲስ አበባ፥ ዓባይንም ተሻግሮ ወደ ነቀምት ሲጓዝ፥ ከሌላው በርበሬ የሚለየው በላኪው ስም ነው። የታወቀ ስም ያለው ነጋዴ ጆንያው ሳይፈታ ዋጋ ይቈረጥለታል፤ ስሙ ያልታወቀው ግን ዕቃው እየተዘረገፈ ይመረመራል። የንግድ ስም የሀብት ክፍል መሆኑን ሕጋችንም ስለሚያውቅ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ ኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቍጥር 1243/2013፥ ስለ ንግድ ስምና ስለ ጥበቃው ደንግገዋል።

ዛሬ ግን ብዙ ውል የሚጀመረው በመጋዘን ደጅ ሳይሆን በስልክ መስተዋት ላይ ነው። ገዢው የላኪውን ስም በኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ያገኘውንም አምኖ ገንዘብ ይልካል። በዚያ ስፍራ ስማችንን የሚመዘግበው፥ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ቢጠይቁ የሚለየው፥ ፊደላችንስ እንዴት መቈጠር እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው? የዚህ ሳምንት ትምህርታችን ስለዚህ ነገር ነው።

ነገሩ በፖስታ ምሳሌነት ይበልጥ ይገባል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። የዚያ ኅብረት አባሎች መንግሥታት ስለሆኑ፥ ነጋዴው ስለ ደብዳቤው አሳብ ቢኖረው ለመንግሥቱ ነግሮ መጠበቅ ብቻ ነው። የኢንተርኔት አስተዳደር ግን እንዲህ በአንድ ማኅተም ሥር አልተሰበሰበም። የስሞችን መዝገብ የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት መቀመጫው አሜሪካ ነው፤ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበትን ቍጥር ለአፍሪካ የሚያድለው አፍሪኒክ የሚገኘው በሞሪሸስ ነው፤ የአገራችንን መለያ «ነጥብ ኢቲ»ን የያዘው ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን፥ የቴሌኮሙን ሥራ የሚቈጣጠረው በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በኅዳር 1998 ዓ.ም. በቱኒስ የተሰበሰቡት መንግሥታት ይህን ሁሉ ተመልክተው፥ መንግሥት፥ የግል ንግድና ሕዝባዊ ማኅበራት በየድርሻቸው አብረው እንዲመክሩበት ተስማሙ። በዚሁ መሠረት የምክክሩ ጉባኤ በ1999 ዓ.ም. በአቴና ተጀምሮ በየዓመቱ ሲደረግ፥ ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተራው የአዲስ አበባ ሆነ። የአፍሪካውም ጉባኤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. እዚያው ተደረገ።

ጉባኤው አስገዳጅ ውሳኔ አያሳልፍም። «ታዲያ ምን ይረባል?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም፤ እኔም ከእንዲህ ያለው ሰው ጋራ ብዙ ጊዜ ተከራክሬአለሁ። ልዩ ልዩ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲመክሩ ምን ዓይነት ደንብ እንደሚወጣ የሚታየው፥ በሌላ ስፍራ በገዛ ፊደላችን ላይ በተሠራው ሥራ ነው።

የጽሕፈት ሥራ የያዘ ሰው እንደሚያውቀው፥ በአማርኛ አንድ ድምፅ የሚሰጡ ልዩ ልዩ ፊደላት አሉ፤ እነርሱም ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ናቸው። አንድ ደንበኛ ሱቁን «ፀሐይ» ብሎ ቢሰይመው፥ ደረሰኝ ጸሐፊው «ጸሀይ»፥ ሹፌሩም «ፀኀይ» ብሎ ይጽፈዋል። አንባቢው ግን አይሳሳትም፤ ዕቃውም ካሰበበት ይደርሳል። ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ አስተዋይነት የለውም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ፥ ማለት በዓለሙ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ስለ ተሰጠው፥ ለመሣሪያው «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» እንደ ቡሬና እንደ ደምበጫ የተለያዩ ናቸው።

ሒሳቡን እንሥራው። የዚህ ስም የመጀመሪያ ፊደል በ2 ዓይነት፥ ሁለተኛው በ3 ዓይነት ይጻፋል፤ ይህም 6 አጻጻፍ ይሆናል። ሰው በድምፅ የማይለያቸውን ሃ፥ ሓና ኃን ብንጨምርባቸው 12 ይደርሳል። ጠባቂ ደንብ ከሌለ፥ ነጋዴው አንዱን ሲያስመዘግብ 11ዱ ለአታላይ ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ከገዢውም መካከል የትኛው የባለቤቱ እንደ ሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

ይህን ለመፍታት አይካን ለየጽሕፈቱ ዓይነት ከተጠቃሚዎቹ ዘንድ የባለሙያዎች ቡድን እንዲቋቋም ጠየቀ። ለግዕዝ ፊደል የተቋቋመው ቡድን ፊደሉን የሚጠቀሙትን ቋንቋዎች መርምሮ አሳቡን በ2009 ዓ.ም. አቀረበ፤ ነገሩም ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ሆኖ ከታየ በኋላ በዓለሙ ደንብ ውስጥ ገባ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት እንደ አንድ ይቈጠራሉ፤ ከአጻጻፎቹ አንዱ ከተያዘ የቀሩት ለማንም አይሰጡም።

ነገር ግን ፊደሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በትግርኛ ሀና ሐ፥ አና ዐ የየራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ የቃሉንም ትርጕም ይለውጣሉ። ለመቀሌ ወይም ለአስመራ ነጋዴ ሁለት ልዩ ስሞች የሆኑት፥ ለቡሬ ነጋዴ አንድ ስም ናቸው፤ መዝገቡ ደግሞ አንድ ነው። ልዩነቱ ይጠበቅ ቢባል የአማርኛው አንባቢ ይታለላል። እንደ አንድ ይቈጠሩ ቢባል የትግርኛው ጸሐፊ ሊያገኝ የሚችለውን ስም ያጣል። የተመረጠው ጥንቃቄው ነው። እኔ በበኩሌ ትክክል ነው እላለሁ፤ ቢሆንም ዋጋውን የከፈለው ጎረቤታችን መሆኑን መዘንጋት አይገባንም። እንዲህ ያለውን ፍርድ አንድ ኩባንያ በሩን ዘግቶ ቢሰጠው ኖሮ የሚቀበለው ባልተገኘም ነበር።

ይህ ደንብ የሚሠራው ግን በስሙ ጫፍ ላይ፥ «ነጥብ ኢቲ» በሚቀመጥበት ስፍራ ለሚገቡት መለያዎች ነው። ከዚያ በታች ለሚመዘገበው የሱቅና የኩባንያ ስም ደንቡን የሚያወጣው የመዝገቡ ያዥ ነው፤ አይካን ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ደንብ አዘጋጅቷል እንጂ አያስገድድም። እንግዲህ ለኛ ነጋዴዎች ዋናው ጥያቄ እዚህ አገር ቤት ነው ያለው።

ግብጽ የአገሯን ስም በዐረብ ፊደል ጽፋ መለያ ያደረገችው በ2002 ዓ.ም. ነው። የኛ ፊደል መንገዱ ተጠርጎለት ሳለ በዚያ ስፍራ እስከ ዛሬ አልገባም። የግል ድርጅት ልግባበት ቢል፥ አይካን እ.ኤ.አ. በ2026 ለሚከፈተው ዙር የአንዱን ማመልከቻ ዋጋ 227,000 የአሜሪካ ዶላር አድርጎታል፤ ይህ ለባለሱቅ የሚሆን ነገር አይደለም። የአገር ስም መለያ ግን በሌላ በር፥ በአገሩ መንግሥት ድጋፍ የሚጠየቅ ስለሆነ፥ የንግድ ምክር ቤቶች አሳብ ክብደት የሚኖረው በዚህ በኩል ነው።

ስሙ ቢጠበቅ እንኳ መንገዱ ከተዘጋ ከንቱ ነው የሚል ቢኖር እውነት አለው። አገራችን ባሕር ስለሌላት ከባሕር ሥር ከተዘረጋው ገመድ የምትገናኘው በጎረቤቶቿ፥ ይልቁንም በጅቡቲ በኩል ነው፤ ስለዚህ ከጎረቤት ጋራ መመካከሩ የግድ ነው። ወደ ቤታችንም ስንመለስ፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፥ ከዚያም በኋላ በነበሩት ወራት፥ የበርበሬና የበቆሎ ዋጋ እንደ ጥንቱ በድምፅ ስልክና በሹፌር አፍ ይጠየቅ ነበር። ስንት ውል እንደ ፈረሰ ሁሉም በልቡ ያውቀዋል፤ ቀኑንና ብሩን በመዝገብ ያሰፈረ ነጋዴ ግን በዙሪያዬ አላየሁም። በጉባኤ ፊት ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው መዝገቡ ነው።

ስለ ስሙ ጉዳይ እያንዳንዱ አባል ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በንግድ ፈቃዱ ላይ የሰፈረውን ስም ፊደል በፊደል ተመልክቶ፥ በማኅተሙ፥ በደረሰኙ፥ በጆንያውና በቴሌግራም ገጹ ላይ ያንኑ አጻጻፍ ብቻ ይያዝ። ቀጥሎም ደንበኞቹ ስሙን በስንት ዓይነት እንደሚጽፉት ከደረሱት ደብዳቤዎችና መልእክቶች ለቅሞ በአንድ ወረቀት ያስፍር። ከቡሬ፥ ከፍኖተ ሰላምና ከደምበጫ እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች የሰበሰበ ምክር ቤት፥ ስለ «ነጥብ ኢቲ» የስም ደንብ ለባለሥልጣኑና ለኢትዮ ቴሌኮም ሲጽፍ በእጁ የሚያሳየው ይኖረዋል። በወረቀቱ ላይ የንግድ ስሙ፥ የፈቃዱ ቍጥርና የተገኙት አጻጻፎች ቢሰፍሩ ይበቃል።